ሁለት ባትሪ፣ አንድ ልኬት፦ የፈነዳ የመኪና ባትሪን ምክንያት ስለመፈለግ

የመኪናው ባትሪ የፈነዳበት ሰው ወደ ጋራዥ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ባትሪ ገዝቶ፣ ተሸክሞ ነው። «አሮጌው ተበላሽቶ ነበር፤ ይህን ቶሎ ግጠምልኝና ልሂድ» ይላል። ችኮላው ይገባኛል፤ የቆመ የጭነት መኪና በየቀኑ ገንዘብ ይበላል፣ የቆመ ታክሲም የዕለት ገቢውን ያጣል። ነገር ግን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ባትሪው ብቻውን ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ባትሪ መግጠምን ጥገና ብዬ መጥራት አልችልም። ጥፋቱ ያለው በመኪናው መስመር ላይ ከሆነ አዲሱም ባትሪ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኮፈን ከፍቶ አጠገቡ የቆመ ሰው ሊኖር ይችላል።

የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ባትሪ ሲፈነዳ የፕላስቲኩ ስባሪና አሲዱ አብረው የሚረጩት ብዙውን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ጎን፣ ማለትም ጎንበስ ብሎ ወደሚሠራው ሰው ፊት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ጀምሮ፣ አንድ መኪና ላይ ያየሁትንም ምሳሌ አድርጌ በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

ምርመራዬ ሁልጊዜ የሚነሣው ከሁለት ጥያቄዎች ነው። ጋዙን ያበዛው ምንድን ነው? ብልጭታውስ ከየት መጣ? ሁለቱ ካልተገናኙ ባትሪ አይፈነዳም። ብዙ ባለሙያዎች ብልጭታውን ካገኙ በኋላ ፍለጋውን ያቆማሉ፤ የላላውን ተርሚናል ያጠብቁና መኪናውን ይለቁታል። ጋዙን የሚያመርተው ጥፋት ግን እዚያው እንዳለ ሌላ ብልጭታ ይጠብቃል።

ጋዙ የሚመጣው ከባትሪው ውሃ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ ስድስት ሴሎች አሉት፤ ባትሪው ሞልቶ ሲያርፍ እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ በጠቅላላው ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ይነበባል። ዲናሞው ሲሞላው ኃይሉ በመጀመሪያ የሚውለው በአሲዱ ውስጥ የተነከሩትን የእርሳስ ሰሌዳዎች፣ ማለትም ፕሌቶቹን፣ ወደ ሙሉ ሁኔታቸው ለመመለስ ነው። ባትሪው ከሞላ በኋላ ወይም የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ከ2.4 ገደማ ሲያልፍ ግን የሚገባው ኃይል የሚሠራው ሌላ ሥራ ስለሚያጣ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክስጅን መከፋፈል ይጀምራል። በስድስቱ ሴሎች ስናሰላው 14.4 ቮልት መሆኑ ነው። መጠኑ ቀላል አይደለም፤ በሞላ ባትሪ ላይ 10 አምፔር ለአንድ ሰዓት በትርፍነት ከገባ ከስድስቱ ሴሎች 25 ሊትር ገደማ ሃይድሮጅንና የዚያን ግማሽ የሚያህል ኦክስጅን ይወጣል፣ 20 ግራም ያህል ውሃም ያልቃል። በባትሪው ውስጥ ከአሲዱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ቦታው በአጭር ጊዜ ውስጥ በዚሁ ድብልቅ ይሞላል።

ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲደባለቅ በመቶ ከ4 እስከ 75 በሚደርስ መጠን ይቀጣጠላል። ቤንዚን እንኳ ይህን ያህል ሰፊ ወሰን የለውም። የሚያስፈልገው ብልጭታም ሰው በእጁ ሊሰማው ከሚችለው የስታቲክ ብልጭታ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ደግሞም ሃይድሮጅን ሽታ የለውም። ሰዎች «ምንም አልሸተተኝም» ሲሉ የሚጠብቁት ያንን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ነው፤ እሱ የሚመጣው ባትሪው ከልክ በላይ ተሞልቶ ሲግል በሚፈጠር ሌላ ጋዝ ምክንያት ነው። ሽታው ካለ ጥፋት መኖሩ እርግጥ ነው፤ ሽታው ስለሌለ ግን ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

የፈነዳውን ባትሪ ባለቤቱ መንገድ ላይ ጥሎት ካልመጣ የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለአንባቢዎቼ በብርቱ አቀርባለሁ፤ ባትሪያችሁ ከፈነዳ ስብርባሪውን አትጣሉት። በብዙ ውሃ አጥባችሁ፣ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር በተቀላቀለ ውሃ አሲዱን አብርዳችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይዛችሁ ኑ። ክዳኑ የተነሣበት ሴል የትኛው እንደሆነ፣ ፕሌቶቹ ምን እንደሚመስሉ፣ የተርሚናሎቹ ቆዳ ምን እንዳለበት ሲታይ ብዙ ነገር ይነገራል።

የፕሌቶቹ የላይኛው ክፍል ነጣ ብሎ፣ ከታችኛው ክፍል የሚለየው መስመር ከታየ አሲዱ ከፍንዳታው በፊትም ወርዶ እንደነበር ያመለክታል። ይህ ሁለት መዘዝ አለው፤ ውሃው ሲወርድ የጋዙ ማከማቻ ይሰፋል፣ ከፈሳሹ በላይ የቀሩት ፕሌቶችና ማያያዣዎች ደግሞ ብልጭታ ሊያወጡ ይችላሉ። ሴሎቹን የሚያያይዘው የእርሳስ ድልድይ ተበጥሶ ጫፉ ላይ የቀለጠ እርሳስ እንደ ጠብታ ተሰብስቦ ከተገኘ ብልጭታው የተነሣው ከባትሪው ውስጥ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ የሚፈነዳው በአብዛኛው ቁልፍ ሲዞር ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሲጠይቅ የተሰነጠቀው ድልድይ ያን ሁሉ መሸከም ስለማይችል ይበጠስና ይነድዳል። ስብራቱ ንጹሕ ከሆነ፣ የቀለጠም ነገር ከሌለበት ግን ድልድዩን የሰበረው ፍንዳታው ራሱ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ከውጭ ደግሞ የተርሚናሉ ምሰሶ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶችና ጥቁረት ካሉ ማሰሪያው ላልቶ እየነካ እየተለየ ሲያብለጨልጭ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ጊዜውን እጠይቃለሁ። ቁልፍ ሲዞር ነው? በጉዞ ላይ ነው? ከቻርጅ ሲነቀል ነው? ወይስ መፍቻ ወይም ሌላ ብረት ሲነካው ነው? ሾፌሮች ይህን በደንብ ያስታውሳሉ፤ ጠያቂ ስለሚያጡ ብቻ ነው የማይናገሩት።

አሁን ወደዚያ መኪና ልምጣ። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ፣ 24 ቮልት የሆነ ከባድ የጭነት መኪና ነበር። እንዲህ ዓይነት መኪና ሁለት የ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ይገጠሙለታል፤ የአንደኛው ኔጌቲቭ ማሳ በሚባለው ገመድ ከመኪናው ብረት፣ ከሻሲው ጋር ይታሰራል፣ ፖዘቲቩ በአጭር ገመድ ከሁለተኛው ኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል፣ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ 24 ቮልቱ ይወጣል። የመኪናው ባለቤት ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው፤ ከሾፌራቸው ጋር ሲመጡ የነገሩኝ ከሁለቱ ባትሪዎች አንደኛው መፈንዳቱን፣ ከዚያ በፊትም በዚያው በኩል ያለው ባትሪ ፈንድቶ መቀየሩን ነበር። ሾፌሩም «ጋሼ፣ ሎግያ አድረን ጠዋት ልንነሣ ቁልፉን ሳዞር ነው የጮኸው» አለኝ።

በዚያው በኩል ደጋግሞ መፈንዳቱ ከሁሉ በፊት ልብ ያልኩት ነገር ነው። ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባትሪዎች አብረው ይጎዱ ነበር፤ የሁለቱም ውሃ ይወርዳል፣ ሁለቱም ያብጣሉ። እዚህ ግን ያልፈነዳው ባትሪ ጭራሽ ደካማ ነበር። ባለቤቱም በዚህ ተገርመው «ይኼኛው ሁልጊዜ ይደክማል፣ ያኛው ሁልጊዜ ይፈነዳል» አሉ። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የጥፋቱ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተነግሮ ነበር።

በፈነዳው ቦታ ለሙከራ የሚሆን ደኅና ባትሪ ገጥመን፣ የላላውን አስረን ሞተሩን አስነሣን። የቮልት መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ በሁለቱ ባትሪዎች ዳርና ዳር ጫፎች ላይ ሳደርገው 28.2 ቮልት አነበበ። ለ24 ቮልት መኪና ከ27.6 እስከ 28.8 ባለው ውስጥ ያለ፣ ምንም ነቀፋ የማይወጣለት ልኬት ነው። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያም ይህንኑ አይቶ «ዲናሞው ደኅና ነው» ማለቱን ሰማሁ፤ እውነቱን ነበር፣ ዲናሞው ደኅና ነበር። ከዚያ ግን ቴስተሩን በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ ለየብቻ አደረግሁ። በማሳ በኩል ያለው 12.7 ቮልት አነበበ። ሁለተኛው፣ ማለትም የሚፈነዳው፣ 15.5 ቮልት አነበበ። ሁለቱ ሲደመሩ 28.2 ይሆናሉ። የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር የሚያየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ ለእሱ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው፤ አንደኛው ባትሪ ግን በየሴሉ 2.1 ገደማ ይዞ እየተራበ፣ ሌላው በየሴሉ 2.58 ይዞ ውሃውን እየቀቀለ ነበር።

ባለቤቱን «ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ሌላ መስመር አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ባለቤቱ የለም አሉ፤ ሾፌሩ ግን ትንሽ ካሰበ በኋላ ቴፑ በ12 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ከአንዱ ባትሪ ላይ ገመድ መሳቡን ነገረኝ። ገመዱን ተከትዬ ስሄድ የሁለቱን ባትሪዎች ማገናኛ ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት፤ በእሱ ላይ ቴፑ ብቻ ሳይሆን የስልክ ቻርጀሮች፣ የጋቢናው ተጨማሪ መብራትና ለበረሃው መንገድ የተገዛች ትንሽ ማቀዝቀዣ ተያይዘው ነበር። ሁሉም የሚጠቀሙት ከማሳ በኩል ያለውን አንድ ባትሪ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ስለሆነ። ገመድ የተሳበበት ባትሪ አይደለም የሚፈነዳው፤ ሌላኛው ነው። ማቀዝቀዣዋና ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ የመጀመሪያውን ባትሪ ይመጡታል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱ በተከታታይ ስለታሰሩ ከዲናሞው የሚመጣው ኃይል በሁለቱም ውስጥ ያልፋል። የደከመው ባትሪ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ይቆያል፣ ከሚደርሰውም ላይ የተሳበው መስመር ይቀንስበታል። ሁለተኛው ግን ከመነሻውም ሙሉ ስለነበር የሚደርሰው ሁሉ ትርፍ ነው። ሬጉሌተሩ ድምሩን 28 ላይ ለማቆም ሲል የጎደለውን በሙሉ በሞላው ባትሪ ላይ ይጭነዋል። አንዱ ባነሰ መጠን ሌላው የግድ ይበልጣል። መኪናው ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል እስከ ጋላፊ በዚህ ሁኔታ ሲጓዝ ያ ባትሪ በመንገዱ ሁሉ ጋዝ ያመርታል።

ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የባትሪው ሙቀት ሲጨምር ጋዝ የሚጀምርበት ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ለ12 ቮልት ባትሪ ተገቢው የመሙያ ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት መቀነስ አለበት። በ25 ዲግሪ 14.4 ቮልት የሚስማማው ባትሪ በ50 ዲግሪ የሚበቃው 13.8 ገደማ ነው። በአፋር ቆላ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት፣ ከሞተርና ከአስፋልት የሚመጣው ግለት ሲጨመርበት፣ 15.5 ቮልት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። አዲስ አበባ ላይ ተለክቶ «ደኅና ነው» የተባለ መኪና በቆላ ለምን እንደሚፈነዳ የሚገልጸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ጋዙ ተገኘ፤ ብልጭታው ቀረ። የባትሪዎቹን ማገናኛ ገመድ ሳነሣ ማሰሪያው ከምሰሶው ሰፍቶ ስለነበር መሐሉ ላይ ሚስማር ተወትፎበት አገኘሁ። ሚስማሩን ያልተጠቀመ ጋራዥ ያለ አይመስለኝም፤ ማሰሪያ ሲሰፋ ሚስማር ወይም ቆርቆሮ ይወተፍበትና ይመታል፣ መኪናውም ይነሣል። የዚህኛው ሚስማር አንድ ጎኑ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ምሰሶው ላይ ደግሞ ሚስማሩ ባረፈበት ልክ የተበሳ ጉድጓድና ዙሪያውን የቀለጠ እርሳስ ነበር። በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ የሚነካ ሚስማር ሙሉውን የሞተሪኖ ኃይል ሲሸከም ያብለጨልጫል። ያ ብልጭታ ከባትሪው ክዳን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። ሌሊቱን በተዘጋ የባትሪ ሳጥን ውስጥ ለተከማቸው ጋዝ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር የደረሰው እሱ ነው።

ጥገናው ከምርመራው ቀላል ነበር። ከመሐል የተሳበውን መስመር በሙሉ አንሥተን፣ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ገጠምን፤ የኮንቨርተሩም መግቢያ ከሁለቱ ባትሪዎች ድምር ላይ ስለሚወስድ ሁለቱ እኩል ይደክማሉ፣ እኩል ይሞላሉ። ማሰሪያዎቹን በልካቸው ቀየርን። ሁለቱንም ባትሪዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ አቅም እንዲቀይሩ ባለቤቱን ለመንኋቸው። በመጀመሪያው ፍንዳታ ጊዜ የተቀየረው የፈነዳው ብቻ መሆኑ ጥፋቱን አባብሶት ነበር፤ አዲስና አሮጌ ባትሪ በተከታታይ ሲታሰሩ ያለ ምንም ተጨማሪ መስመርም ቢሆን እኩል አይሞሉም። ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም ግማሹን መቀየር ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። ከጥገናው በኋላ የሁለቱ ልኬት ሲቀራረብ፣ ልዩነቱም ከጥቂት አሥረኛ ቮልት ሳያልፍ ሲቀር መኪናውን ለቀቅሁት።

ሁሉም መኪና 24 ቮልት አይደለምና ስለ ቤት መኪኖችና ስለ ሚኒባሶች ማየት ያለብኝን በአጭሩ ልጨምር። በ12 ቮልት መኪና ላይ ሞተሩ በ2,000 ዙር ገደማ እየሠራ በባትሪው ምሰሶ ላይ ስለካ ከ13.8 እስከ 14.7 እጠብቃለሁ። ቴስተሩን ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ በመካከላቸው ያለው ዝገት የተለየ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የነዳጅ ፔዳሉ ሲረገጥ ቮልቴጁ አብሮ ከ15 በላይ እየወጣ ከሄደ ሬጉሌተሩ መቆጣጠሩን ትቷል ማለት ነው፤ ዲናሞው ይፈታል፣ መኪናውም እስኪሠራ አይነዳም። ሬጉሌተራቸው ከዲናሞው ውጭ በተሰቀለ የድሮ መኪኖች ላይ ግን ሬጉሌተሩን ከመቀየሬ በፊት ማሳውን አያለሁ። የሬጉሌተሩ ማሳ ከዛገ ወይም ወደ እሱ የሚመጣው ገመድ በቁልፉ ውስጥ ሲያልፍ ቮልት የሚጥል ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ ባትሪው ያነሰ መስሎት ዲናሞውን የበለጠ ይገፋል። በገመዱ ላይ አንድ ቮልት ከጠፋ ባትሪው ላይ አንድ ቮልት ይጨመራል። ቮልቴጅ የሚለካ የተለየ ገመድ ያላቸው አዳዲስ ዲናሞዎችም በዚሁ መንገድ ይሳሳታሉ። ብዙ ደኅና ሬጉሌተር በዛገ ማሳ ምክንያት ተጥሏል።

ሌላው ጥፋት ከራሱ ከባትሪው የሚመጣ ነው፤ አንድ ሴል ውስጥ ፕሌቶቹ ተነካክተው ኮንታክት ሲያደርጉ። ባትሪው ሞልቶ ካረፈም በኋላ ከ10.5 ቮልት አያልፍም። ሰዎች እንዲህ ያለውን ባትሪ በገመድ እያስነሡ ይነዱታል። ዲናሞው ግን 14.4 ቮልቱን እንደ ወትሮው ይልካል፤ አሁን የሚካፈሉት አምስት ሴሎች ብቻ ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው 2.88 ቮልት ይደርሳቸዋል። ከዚህ የበለጠ ጋዝ የሚያመርት ሁኔታ በቤት መኪና ላይ አላውቅም። 10.5 ያነበበ ባትሪ በሌላ መኪና ኃይል አይነሣ፣ በቻርጅም አይሞከር፤ ይነሣና ይቀየር።

የዲናሞውን ተለዋዋጭ ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ዳዮድ ሲበላሽ ደግሞ ወደ ባትሪው ተለዋዋጭ ኃይል ያፈስሳል። ቴስተሩን በተለዋዋጭ ቮልት መለኪያው ላይ አድርጎ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ መለካት ነው፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ዳዮዶቹ መፈተሽ አለባቸው። ይህ ባትሪውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

ውሃ የማይጨመርበት፣ በተለምዶ «ድራይ» የሚባለው ባትሪ አይፈነዳም የሚል እምነት በሰፊው አለ። ስሕተት ነው። እሱም አሲድና እርሳስ ነው፣ እሱም ከልክ በላይ ሲሞላ ጋዝ ያመርታል፣ ጋዙንም በመተንፈሻው ያወጣል። እንዲያውም ውሃው ምን ያህል እንደወረደ ከፍቶ ማየት ስለማይቻል አደጋው ይበልጥ ይደበቃል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አላመለጡም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው የበዛው እነዚህ መኪኖች ዲናሞ ባይኖራቸውም፣ ብዙዎቹ መብራትና ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ እሱም ከትልቁ ባትሪ በኮንቨርተር ይሞላል። ያች ትንሽ ባትሪ የአሲድና የእርሳስ ከሆነች ስለ ጋዝና ስለ ብልጭታ እዚህ የጻፍኩት ለእሷም ይሠራል። የትልቁ የሊቲየም ባትሪ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው።

በመጨረሻ መኪና ሳይመረመር በፊት ሁሉም ሰው ሊያደርገው ስለሚችለው ነገር። ከሌላ መኪና ኃይል ስትወስዱ በመጀመሪያ ሁለቱን ፖዘቲቮች አገናኙ፣ ቀጥሎ ቀዩ ባልሆነው ገመድ የደኅናውን ባትሪ ኔጌቲቭ ያዙ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን የደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉት። ሲገናኝ የምትታየው ትንሽ ብልጭታ ጋዙ ካለበት ቦታ ርቃ ትወጣለች። ስትፈቱም ከዚያው ጀምሩ። ባትሪ ከቻርጅ የምታነሡም ብትሆኑ መጀመሪያ ቻርጀሩን ከግድግዳው አጥፉት፣ ክፍሉን ክፈቱት፣ ጋዙ እስኪበተን ጠብቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መያዣዎቹን ንቀሉ። ከባትሪ ላይ ሥራ ስትሠሩ ማሳውን መጀመሪያ ፍቱ፣ መጨረሻ እሰሩ፤ ቁልፋችሁ ሻሲ ቢነካ ብልጭታ እንዳይወጣ። የዓይን መከላከያ መነጽር ያለው ሰው ያድርገው፤ የሌለው ይግዛ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ ዓይንን ከፍቶ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳው ለብረቱና ለመሬቱ ነው፤ ዓይን ውስጥ አይገባም።

24 ቮልት መኪና ያላችሁ ደግሞ ቴስተር ካላችሁ ዛሬውኑ ሞተሩን አስነሥታችሁ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ። ልዩነታቸው ከግማሽ ቮልት ካለፈ ማገናኛው ላይ የተጠመጠመ ገመድ ፈልጉ፤ ገመድ ከሌለም የሁለቱን ዕድሜና የሴሎቻቸውን ሁኔታ አስመርምሩ።